ከኮት ሥር ያለ ቢላ

ያኔ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የእኛ ሰው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። አንድ ምግብ ቤትና አንድ የቅመም ሱቅ ነበሩ፤ የቀረው አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጥበት፣ ግማሹም ተዘግቶ የከረመ ቤት ነበር። ሰፈሩ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ገና ማንም አላወጣለትም። እኔና ታናሽ ወንድሜ ከጎዳናው ጀርባ ካለ ፎቅ ላይ አንድ መኝታና አንድ ሳሎን ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ሳሎኑ ውስጥ ይተኛል። ሁለታችንም ዳውንታውን ነበር የምንሠራው፤ እኔ ሆቴል ወጥ ቤት አትክልት እከትፋለሁ፣ እሱ ፓርኪንግ ይሠራል።

ወንድሜ ሚስቱን ካርቱም ትቶ ነው የመጣው። ድንበሩን አብረው በእግር ተሻግረዋል። ካርቱም ላይ ግን የተገኘው መንገድ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነበርና እሱ ቀደመ። እዚህ ሲደርስ ጥገኝነት ጠየቀ። ጥገኝነቱ ሲፈቀድለት ሚስቱን ያስመጣል፤ ዕቅዱ ይህ ብቻ ነበር፣ ሌላ አልነበረውም። ማመልከቻውን የጻፈለት ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ነግሮታል፦ «ከፖሊስ ራቅ። ፋይልህ ንጹሕ ከሆነ የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው።» ወንድሜም ይህን ቃል እንደ ጸሎት ይዞት ነበር። መንገድ እንኳ በቀይ መብራት አይሻገርም።

ለፋሲካ ቅርጫ እንገባ ነበር። ወንዶቹ ቅዳሜ ጠዋት ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ እርሻ ሄደው በሬ ይገዛሉ፣ እዚያው አርደው ይበልታሉ፣ መደብ መደቡን ደልድለው ዕጣ ይጥላሉ። ብልት ማውጣት የሚችለው ወንድሜ ነበር። ከአባታችን የተማረው ነው። የሰው ቢላ አይዝም፣ የራሱንም ለሰው አይሰጥም። ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ ቢላ ነበረው። ሥራውን ሲጨርስ ያጥበዋል፣ በጨርቅ ይጠቀልለዋል፣ ወገቡ ላይ ሽጦ ኮቱን ይደርብበታል። አባታችንም ከቅርጫ ሲመለስ ጋቢውን እንዲሁ ይደርብበት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ የመጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነውና። እኛ ስለታም ነገር በሰው ፊት አንገልጥም። ቢላ የሚያቀብል ሰው እጀታውን ያዞራል፤ ይዞ መንገድ የሚሄድ ይሸፍነዋል። ገልጦ በሰው መሀል የሚሄድ ጠብ የሚፈልግ ነው፣ አለዚያም አሳዳጊ የበደለው ነው።

በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የየቤቱን ሥጋ መኪናው ኋላ ጭኖ ሲመለስ፣ ቤታችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ፖሊስ አስቆመው። የኋላ መብራቱ አይበራም ነበር። መብራቱን ብቻ ነግረው ሊለቁት ይችሉ ይሆናል፤ ግን የሸሚዙ እጅጌ በደም ነክሯል። ውረድ አሉት። ኮቱን ሲገልጡ ቢላውን አገኙ። መኪናውን ሲከፍቱ ደግሞ ሥጋውን አገኙ።

«የበሬ ነው አልኳቸው» አለኝ በኋላ። «ኢስተር ነው አልኳቸው። አንዱ ፖሊስ ‹ኢስተር እኮ ካለፈ ቆየ› አለኝ። እትዬ፣ ምን ልበለው? የእኛ ነገ ነው ብዬ የዘመን አቆጣጠር ላስተምረው?»

አሳድረውት እሑድ ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰጥተው ለቀቁት። ሥጋው የት እንደ ደረሰ አልጠየቅንም። ያን ዓመት ጾሜን በእንቁላል ፈታሁ።

ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሰጠው። ጠበቃዋ ከሲታ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ብዙ ፋይል የተሸከመች ሴት ነበረች። ኮሪደር ላይ ቆመን ነገሩን አስረዳችን፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ በተማርኩት እንግሊዝኛ እየሰማሁ ለወንድሜ እነግረዋለሁ። እንዳለችው ከሆነ፣ ቢላውን በሰገባው አድርጎ ቀበቶው ላይ በግልጽ አንጠልጥሎት ቢሆን ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር። ወንጀል የሆነው ኮቱ ስለ ሸፈነው ነው። የዚህ ስቴት ሕግ እንዲህ ነው የሚለው።

«ሶ፣ ገልጬ ብይዘው ምንም አይሉኝም ነበር?» አለ ወንድሜ።

«ምንም።»

«ሰው አይፈራም?»

ይህን ስተረጉምላት ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋን ትታ፣ «ዳኛው ሲጠይቅህ ‹ጥፋተኛ አይደለሁም› ብቻ በል። ለዛሬ የምፈልገው ይኸው ነው። ቢላው ለምን ሥራ እንደ ነበር በኋላ እኔ አሳያለሁ፤ ተስፋ አለን» አለችው።

እሱ ግን ሌላ ቃል ይዞ ነበር የመጣው። በዋዜማው አንድ ሽማግሌ ቤታችን መጥተው ነበር። አገር ቤት ብዙ ደም ያደረቁ፣ ብዙ ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ እዚህ ደግሞ ከወንድሜ ጋር እዚያው ፓርኪንግ ቲኬት ይቆርጣሉ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ነገሩን ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ ዳኛ ፊት አትሟገት» አሉት። «ቢላው ነበረህ አልነበረህም?»

«ነበረኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አልነበረኝም ብለህ ልትዋሽ ነው? የካደ ይቀጣል፣ ያመነ ይማራል። አንገትህን ደፍተህ ‹አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ› በል። ዳኛም ሰው ነው። እንግዳ መሆንህን አይቶ ይምርሃል።»

«ጠበቃዋ ግን ሌላ ትላለች» አልኳቸው።

«ጠበቃ ምን ቸገራት፣ ልጄ? ነገር ካላረዘመች ሥራ የላት።»

ወንድሜ ጉልበታቸውን ስሞ ቃል ገባላቸው።

ዳኛው ሲጠይቀው አንገቱን ደፋ፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣጠፈና «አጥፍቻለሁ፣ ይማሩኝ» አለ። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ «ጥፋተኛ ነኝ» ብሎ ተረጎመ። ጠበቃዋ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብላ አንሾካሾከችለት። ዳኛው እንደገና ጠየቀው፤ በፈቃድህ ነው ወይ፣ መብትህን ታውቃለህ ወይ፣ ማንም አላስገደደህም ወይ እያለ ብዙ ጠየቀው። ወንድሜ ለሁሉም በትሕትና «አዎ ጌታዬ» አለ። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሜን አላሰረውም፤ በገደብ ለቀቀው። ጋሼ ውጭ ቆመው ይጠብቁን ነበርና ሲያዩን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «አላልኳችሁም? ማረው!» አሉ።

ጠበቃዋ አልተደሰተችም። እኔን ወደ ጎን ወሰደችኝ። ወንድምሽ ዛሬ በወንጀል ተፈርዶበታል፤ የጥገኝነት ማመልከቻውን የሚያየው መሥሪያ ቤት ይህን ያነባል፤ ደም የነካው ሸሚዝና የተደበቀ ቢላ ይላል ወረቀቱ፤ በሬ አይልም አለችኝ። ሁሉን ነገር ቀስ ብላ ነበር የተናገረችው፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ለወንድሜ ነገርኩት። ለጋሼ እሱ ነገራቸው። ሳምንት ያህል ሳናያቸው ቆየን፤ ከዚያ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ይግቡ ብንላቸው አልገባም አሉ። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ብለው ሄዱ።

ጠበቃዋ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ምን ይደረግ አልኳት። ዳኛው ሕጉን አይለውጠውም አለች፤ የሚለወጠው የስቴቱ ምክር ቤት ባለበት ሳክራሜንቶ ነው። ሕጉ ቢለወጥና ለሥራ ወይም ለምግብ የተያዘ ቢላ ቢሸፈንም ወንጀል አይደለም ቢባል፣ ያን ይዛ ተመልሳ ዳኛው ፊት ትቀርባለች፤ ፍርዱ እንዲነሣለት ትጠይቃለች። ይነሣል ብላ ቃል አልገባችልኝም።

«ማን ነው የሚለውጠው?» አልኳት።

«የመረጣችሁት ሰው።»

«እኛ ማንንም አልመረጥንም።»

«የመረጠ ሰው ፈልጉ እንግዲያው» አለችኝ።

ከእኛ መሀል ያኔ የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የቅመም ሱቁ ባለቤት፣ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ሴት። የእኔ እኩያ ናት። ጉዳዩን ስነግራት በርበሬ እየመዘነች ነበር፤ ሚዛኑን አላቆመችም።

«እናንተ አረዳችሁ፣ እናንተ ልትበሉ ነበር፤ እኔ ከቁርጡ አልቀመስኩ፣ ከጥብሱ አልቀመስኩ። ጦሱ ለእኔ!» አለች።

«እውነትሽን ነው» አልኳትና ልወጣ ተነሣሁ።

«ነይ ተመለሺ! ወየው፣ አንቺ ደግሞ ቀልድ አታውቂም። አረፋ ሲደርስ ቢላ በኮቱ ሸፍኖ የሚሄደው የማን ባል ይመስልሻል? የእኔው ነዋ። መቼ ነው የምንሄደው?»

የሰፈራችን የስቴት ምክር ቤት ተመራጭ ቢሮ ከእኛ ብዙ አይርቅም። እኔ እንደ አገራችን ጠዋት ሄደን ደጅ እንጠናለን፣ ሲመሽ እንመለሳለን ብዬ ምሳ ቋጥሬ ነበር። ወዲያው ግቡ አሉን። የተመራጩ ጸሐፊ ሰፊ ክራባት ያሰረ፣ ጎልማሳ ሰው ነበር። መጀመሪያ የጠየቀን አድራሻችንን ነው። ባለ ሱቋ አድራሻዋን ስትናገር ቀና ብሎ አያት፤ እሱ ቀና ሲል እሷም ቀና አለች። ከዚያ ነገሩን ነገርኩት። እኔ የመጣሁት ለወንድሜ ምሕረት ለመለመን ነበር። እሱ ግን ስለ ወንድሜ ብዙ አልጠየቀኝም።

«ሕጉ ምን ቢል ትወዳላችሁ?» አለን።

ሁለታችን ተያየን። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ሕግ ወይ ይወጣብናል፣ ወይ ይነበብልናል እንጂ ምን ቢል ትወዳላችሁ ተብለን አናውቅም። ጥቂት አሰብኩና፣ «ወደ ሥራ ወይም ወደ ማዕድ የሚሄድ ቢላ ቢሸፈን ነውር የለበትም ቢል» አልኩት። ጻፈው።

ብቻችሁን አትበቁም፣ ሕጉ የሚነካቸው ሌሎች ሰዎች ፈልጉ አለን። እኔ ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም። የምሠራበት ሆቴል ዋና ወጥ ሠሪ የሜክሲኮ ሰው ነበር። የራሱን ቢላዎች በጨርቅ ጠቅልሎ በየቀኑ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ ጥቅሉን ጃኬቱ ውስጥ ያቅፈዋል። ስነግረው ሳቀ፤ አላመነኝም። ጠበቃዋ ያለችኝን ስደግምለት ሳቁን አቆመ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ወንጀለኛ ነበርኩ ማለት ነው?» አለና እሄዳለሁ አለኝ።

ሥራው ረጅም ነበር። ጸሐፊው የሕጉ ሐሳብ ቀርቧል አለን፤ ቆይቶ ተራ ይጠብቃል አለን፤ እንደገና ቆይቶ ቃሉ ተለውጧል አለን። በዚህ መሀል ክረምቱ አለፈ። ከካርቱም ደግሞ ወሬ መጣ። የስደተኛ መሥሪያ ቤቱ የወንድሜን ሚስት ስዊድን ትሄጂያለሽ ወይ ብሎ ጠይቋታል። አንድ ጊዜ ባሌን እጠብቃለሁ ብላ እንቢ ብላለች። ሁለተኛ ሲጠይቋት የምትመልስበት ጊዜ ቆረጡላት፤ ሦስተኛ እንደማይጠይቋት ነገሯት። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር።

«ምን አልካት?» አልኩት።

«ሳክራሜንቶን እንይ አልኳት። ሳክራሜንቶ ምንድን ነው አለችኝ።»

ሌላ ፋሲካ ሊደርስ ሲል ቀን ተቆረጠልንና አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን፤ ባለ ሱቋ፣ ወጥ ሠሪው፣ ጋሼና እኔ። ወንድሜን ጠበቃዋ ባይሄድ ይሻላል ብላዋለች። ጋሼ ከወር በፊት መጥተው፣ «እኔ ነኝ የምናገረው፤ እኔ ያበላሸሁትን እኔ ላቃና» ብለውኝ ነበር። እንቢ ማለት አልቻልኩም። መንገዱን ሙሉ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሚናገሩትን እያጠኑ ነው።

«ጋሼ፣ የሚሰጡን ሁለት ደቂቃ ነው» አልኳቸው።

«በሁለት ደቂቃ ሰላምታም አይሰጥ።»

«እሱንም ይተዉት።»

«ሰላምታውን?» አሉኝ፤ እንደ ባለጌ አዩኝ።

አዳራሹ ትልቅ ነበር፤ ምክር ቤተኞቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ይገባሉ፣ ይወጣሉ። መጀመሪያ ወጥ ሠሪው ተናገረ። አጭርና ጥሩ ነበር። ባለ ሱቋ ቀጠለች፤ በምርጫ ድምፅ እንደምትሰጥ ተናግራ ተቀመጠች። ከዚያ ጋሼ ተነሡ፤ እኔ ለመተርጎም አጠገባቸው ቆምኩ። ለሰብሳቢው እጅ ነሡ። ለቀኙ ነሡ፣ ለግራው ነሡ። ስለ አገሩ ደግነት፣ እንግዳ ስለ መቀበሉ አመሰገኑ። በቀጭኑ ተረጎምኩት። ስለ ቅርጫ ጀመሩ፤ ስለ በሬው፣ ስለ ዕጣው። ሰዓቱ እያለቀ ነበር፤ እጄን ክንዳቸው ላይ አደረግኩ። ቃላቸውን ቆረጡ።

አንድ ምክር ቤተኛ መነጽሩን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ሰውየው ክፉ ሐሳብ ከሌለው ቢላውን ለምን ሸፈነው?» አላቸው።

ጋሼ ጊዜ አላጠፉም። «ለእናንተ ክብር ብሎ ነው» አሉ።

ተረጎምኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩበትም፤ ጨምሬ ቢሆን የሚሻል አይመስለኝም። ምክር ቤተኛው አቀርቅሮ ጻፈ። ፖሊሶቹን ወክሎ የመጣው ሰው ተራው ደረሰና ተነሣ። ጨዋ ሰው ነበር፤ ወደ ጋሼ ዞሮ አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው። «የእኚህን ሰው ቃል አምናለሁ። ግን አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ ሰው ሲያስቆም፣ ኮት ሥር ያለውን ክብር ማየት አይችልም፤ የሚያየው ቢላውን ነው» አለ።

በአዳራሹ ውስጥ ራሳቸውን የነቀነቁ ሰዎች ነበሩ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተናገረው ትክክል ይሁን ስሕተት ለይቼ መናገር አቃተኝ። ስማቸውን እየጠሩ ድምፅ አሰጧቸው። የእኛ ተመራጭ ደገፈ፤ ሌላም አንድ ሰው ደገፈ። አልበቃም።

ጸሐፊው ኮሪደሩ ላይ ጠበቀን። አላዘነም፤ እንዲያውም የተደሰተ ይመስል ነበር። «ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ጥሩ ነው» አለን። «በሚመጣው ዓመት ብዙ ወጥ ሠሪዎች ይዘን እንመጣለን። ሥጋ ሻጮችም አሉ፣ ዓሣ አጥማጆችም አሉ። ሕግ የሚለወጠው እንዲህ ነው፤ ሦስቴ፣ አራቴ ተመላልሶ ነው።»

ባለ ሱቋ፣ «እኔ እመጣለሁ» አለችው። የምሯን ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያ በኋላም ሄዳለች። ጸሐፊው የተናገረው ሁሉ እውነት እንደ ሆነ እኔም ገብቶኛል። እኛ ግን የሚመጣ ዓመት አልነበረንም።

በአውቶቡሱ ጋሼ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ «ምን ብል ይሻል ነበር?» አሉኝ።

«ያሉት ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«አንቺም ትዋሺ ጀመር» አሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሎስ አንጀለስ መስኮቱን እያዩ ሄዱ።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ሳሎኑን ጠርጎ፣ ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ጠበቀኝ። ፊቴን አየና አልጠየቀኝም። ምግብ አቀረበልኝ። እየበላሁ ነገርኩት። የፖሊሱን ሰው ንግግር ስነግረው ሰሃኔ ላይ ወጥ ጨመረልኝ።

«ልክ ነው እኮ» አለ። «እኔም ብሆን የማየው ቢላውን ነው።»

«ጸሐፊው በሚመጣው ዓመት ይላል።»

«ኦኬ» አለ።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ካርቱም ደወለ። ሚስቱ የምትጠብቀው ከአንድ ሱቅ ስልክ አጠገብ ነው፤ ሱዳናዊው ባለ ሱቅ መጀመሪያ አንስቶ ከዚያ ይጠራታል። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ቤቱ ጠባብ ነውና ሁሉ ይሰማል።

«ደህና ነሽ ወይ?» አላት። «አይ፣ አልሆነም።» አዳመጣት። «አይደለም፣ ማንም አላጠፋም። እዚህ አገር እንዲህ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል።» እንደገና አዳመጣት። «ሶ፣ ሂጂ። እሺ በያቸውና ሂጂ። ብርድ ነው ይላሉ፤ ካፖርት ይሰጡሻል። የለም፣ አልተቆጣሁም። ስሚኝ፣ አትጠብቂኝ። አትጠብቂኝ ነው የምልሽ።»

ከዚያ ለረጅም ጊዜ እሷ ትናገር ነበር መሰለኝ። ቧንቧውን ከፍቼ የታጠበውን ሰሃን እንደገና አጠብኩ።

ስወጣ ስልኩን ዘግቶ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስር ነበር።

«ሺፍት አለኝ» አለኝ ቀና ሳይል።

ያን ቀን ሥራ አልነበረውም። «እሺ፣ ሂድ» አልኩት።